አውሮፕላናችን ሌላ አገር አረፈ፣ ደሴ ላይ ግን "ተቃጠለ" ተብሎ ነበር፣ ምን ትመክሩኛላችሁ?

እሙ_ሀናን (ደሴ፣ ሸዋበር)

ሰላም ናችሁ ወገኖቼ። ብዙ ጊዜ አንብቤ ዝም ብዬ ነው የምወጣው፣ ዛሬ ግን የምጠይቀው አለኝና ቢረዝምም ታገሱኝ።

ከገልፍ ነው የመጣሁት፣ ኮንትራቴን ጨርሼ ከልጄ ጋር። የአየር መንገዱን ስም አልጠራም፣ ጣጣ ውስጥ መግባት አልፈልግም፣ ለጥያቄዬም አያስፈልግም። ምግብ ተበልቶ ትሪ እየተሰበሰበ እያለ ጆሮዬ ድፍን አለብኝ፣ ወዲያው ከላያችን ያለው ክዳን ጧ ብሎ ተከፈተና ቢጫ ማስኮች በየፊታችን ተንጠለጠሉ። ከዛ አውሮፕላኑ አፍንጫውን ደፍቶ ቁልቁል። ልጄ ጆሮዋን ይዛ ትጮሃለች፣ የተቃጠለ ነገር ይሸታል፣ ሆስተሶቹ በአረብኛና በእንግሊዝኛ ደጋግመው የሆነ ነገር ይላሉ፣ ከኋላ በኩል የተቀመጥነው ደሞ አብዛኞቻችን የኛው አገር ሴቶች ነን፣ ከወረኢሉ ከቃሉ ከሐርቡ፣ ብዙዎቹ አውሮፕላን የሚያውቁት ሲሄዱ አንዴ አሁን ሲመለሱ አንዴ ነው፣ አንዷ ሸሀዳ ትላለች አንዷ ማርያም ማርያም ትላለች፣ ማስኩን የሳበው ሰው ጥቂት ነው ሌላው ቁጭ ብሎ ያየዋል። እኔ አረብኛውን ስለምሰማ "ሳቡት፣ አፍንጫችሁም አፋችሁም ላይ አርጉት" እያልኩ በአማርኛ ስጮህ ድምፄ ተዘጋ።

ሲረጋጋ ካፒቴኑ ተናገረ፣ አዲስ አበባ አንሄድም ቅርብ ያለ ኤርፖርት እናርፋለን አለ። አረፍን። መሬት ከነካን በኋላ ግን በሩን ሳይከፍቱ ረጅም ሰአት አስቀመጡን፣ በመስኮት የእሳት አደጋ መኪና መብራት ይታያል፣ ማንም ምንም አይልም፣ ስልኬ ደሞ የዛን አገር ኔትወርክ አይዝም።

ዋናው ነገር እዚ ላይ ነው። እኛ ወንበራችን ላይ እንደታሰርን አንድ ፔጅ "በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን የጫነ አውሮፕላን በአየር ላይ በእሳት ተያያዘ" ብሎ የሚነድ አውሮፕላን ፎቶ ለጥፏል። ፎቶው የኛ አይደለም፣ ቀለሙ እንኳን አይገናኝም። እናቴ ግን ይሄን በምን ታውቃለች፣ የጎረቤት ልጅ ነው ስልኩን ይዞ መጥቶ ያሳያት። እኔ ዋይፋይ አግኝቼ በኢሞ እስክደውል ቤታችን በሰው ሞልቷል፣ ወንድሜ የሚያረገው ጠፍቶት ኮምቦልቻ ኤርፖርት ድረስ ወርዶ ጥበቃዎቹን ሲጠይቅ ነበር፣ እነሱ ምን ያውቃሉ። እናቴ ድምፄን ሰምታም አላመነችም፣ "ቪዲዮ አርጊው" ነው ያለችኝ።

አሁን ደህና ነን አልሐምዱሊላህ። ያው ፔጅ ግን በውስጥ ጻፈልኝ። ማስክ አርገን እያለን የቀረጽኩት አጭር ቪዲዮ አለኝ፣ ከማን እንደሰሙ እንጃ፣ ስጪን ብር እንከፍላለን፣ ቀርበሽም "ከሞት አፋፍ የተመለሰችው እናት" ብለን እንሰራልሻለን ይላሉ። ወንድሜ ስጫቸው ይላል። እናቴ ሰው አይን ውስጥ አትግቢ ትላለች። እኔ ደሞ መጀመሪያ የሆነውን ነገር ራሴ ማወቅ ፈለኩ። እውነት ስንወድቅ ነበር? "8 ሺህ ሜትር ተምዘገዘገ" ብለው ጽፈዋል። ሽታውስ እሳት ነበር? ለሚዲያ መናገርስ ምን ይጠቅማል? አንዱ ሻንጣዬም እስካሁን የለም። የምታውቁ ንገሩኝ።

ሐረጎ_ላይ_ጭጋግ

እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ እህቴ!! እማማን እቀፊልን። የትኛው ፔጅ እንደሆነ ገብቶኛል መሰለኝ፣ ባለፈው "ሐረጎ ላይ አይሱዙ ገደል ገባ" ብሎ የለጠፈውን ፎቶ ሳየው አስፋልቱ ዳር በረዶ ተከምሯል። ሐረጎ ላይ በረዶ! ሰውየው ደሴ ኮምቦልቻን ረግጦ አያውቅም ማለት ነው።

የድሮ_መካኒክ (ኮምቦልቻ)

ልጄ እንኳን ፈጣሪ ለእናትሽ አበቃሽ። አውሮፕላን ጥገና ላይ ሰርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት፣ አሁን ኮምቦልቻ ልጆቼ ጋ ነኝ። ያንቺን አውሮፕላን አላየሁትም፣ የነገርሽን ሳነበው ግን የአየር ግፊት ችግር ነው የሚመስለው።

አውሮፕላን 11 ሺህ ሜትር አካባቢ ሲበር ውጪ ያለው አየር ለሰው አይበቃም። ስለዚህ ውስጡን በአየር ይሞሉታል፣ ተሳፋሪው 2,400 ሜትር ገደማ ላይ እንዳለ ሆኖ እንዲተነፍስ። ማለት አውሮፕላን ውስጥ ያለሽው ደሴ ላይ እንዳለሽ ነው፣ ደሴ 2,500 አካባቢ አይደለች፣ ስለዚህ ያገርሽን አየር ነው ስትስቢ የነበረው። ግፊቱ በሆነ ቦታ ማምለጥ ከጀመረና ውስጡ 4,200 ሜትር ገደማ ከደረሰ፣ ራስ ዳሸን ጫፍ ለመድረስ ትንሽ ሲቀረው በይው፣ ማስኮቹ በራሳቸው ይወርዳሉ። እዛ 11 ሺህ ሜትር ላይ ያለ ኦክስጅን የሰው አእምሮ በደንብ የሚሰራው ከ30 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ ቢሆን ነው። መጀመሪያ የራሳችሁን ማስክ ከዛ የልጃችሁን የሚሉት ለዚህ ነው። እናት ልጇን ላስቀድም ብላ ራሷ ከደነዘዘች ሁለቱም ይቀራሉ።

አሁን ስለ መውደቁ። ፓይለቱ ነው ሆን ብሎ ያወረዳችሁ። ከራሳችሁ በላይ ያለው ኦክስጅን የሚያገለግለው ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ነው፣ እሱ ሳያልቅ ያለማስክ ወደሚተነፈስበት 3 ሺህ ሜትር መድረስ አለበት። ከ11 ወደ 3 ማለት 8 ሺህ ሜትር ነው፣ ስለዚህ ፔጁ ቁጥሩን ከሆነ ቦታ በትክክል ቀድቶታል። ያን ያህል ለመውረድ አምስት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፣ የሞተሩን ኃይል ይቀንሳሉ፣ ክንፉ ላይ ያሉትን አየር የሚይዙ ሳህኖች ያነሳሉ፣ ለዛ ነው የሚንቀጠቀጠውና ድምፁ የሚለወጠው። ውስጥ ላለ ሰው ሞት ነው የሚመስለው፣ ለነሱ ግን በየጊዜው ሲሙሌተር ላይ የሚለማመዱት ስራ ነው። ካፒቴኑ ቶሎ ያላናገራችሁም ንቆ አይደለም፣ እሱም መጀመሪያ የራሱን ማስክ ያረጋል፣ ከዛ አውሮፕላኑን ያወርዳል፣ ከዛ ለተቆጣጣሪዎቹ ይነግራል፣ ለእናንተ የሚያወራው መጨረሻ ላይ ነው።

ሽታው። ብዙ አውሮፕላኖች ላይ ኦክስጅኑ ከበርሜል አይመጣም፣ ከወንበሩ በላይ ያለ ትንሽ ጣሳ ውስጥ ያለ ኬሚካል ነው፣ ማስኩን ስትስቢው ይቀጣጠላል፣ በጣም ይግላል፣ ላዩ ያለው አቧራ ይሸታል። ስለዚህ ሽታው ማስኩ እየሰራ ነው ማለት ነው። ከረጢቱ ካልተነፋም አትደንግጪ፣ ሳይነፋም አየሩ ይመጣል።

አዲስ አበባ ያልሄዱትን ደሞ ካርታ ብታይ ይገባሻል። 3 ሺህ ሜትር ላይ ሆኖ ወደኛ አገር እንዴት ይመጣል? የኛ ተራራ ከዛ በላይ ነው፣ ቦሌ ራሱ 2,334 ሜትር ላይ ነው ያለው። ዝቅ ብሎ መብረር ነዳጅም በጣም ይበላል። ቅርብ ያለ ጥሩ ኤርፖርት ላይ ማረፉ ትክክል ነው። እኔ የምለው ይሄን ነው፣ ሌላውን የሚያውቁት ይበሉ።

እሙ_ሀናን

ጋሼ አላህ እድሜ ይስጥዎት፣ ለእናቴ አነበብኩላት። "ደሴ ላይ እንዳለሽ ነው" ያሉትን ስትሰማ ታዲያ ደሴ ከነበረች ምን አስለቀሰን አለች 😂 አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፣ ካረፍን በኋላ ለምንድነው ያን ሁሉ ሰአት ያልከፈቱልን? እሱ ከሁሉም በላይ ያበሳጨኝ እሱ ነው። ውስጡ ሙቀት፣ ልጆች ያለቅሳሉ፣ ሽንት ቤት ሰልፍ።

ማይክ_ያዥ

እሱን እኔ ልመልስ፣ ጋሼ ካላስቀየምኩ። ጋዜጠኛ ነኝ፣ የት እንደምሰራ ይቅር። በር የማይከፈተው አንዳንዴ ለደህንነት ነው። በፈረንጆች ህዳር 2010 የአውስትራሊያው አየር መንገድ የኳንታስ ኤ380 አውሮፕላን ከሲንጋፖር ተነስቶ አንድ ሞተሩ ፈንድቶ ተመልሶ ሲያርፍ ተሳፋሪዎቹን አንድ ሰአት ገደማ ውስጥ አቆይተዋቸዋል፣ ነዳጅ እየፈሰሰ ነበር፣ ፍሬኑ ግሏል፣ አንደኛው ሞተር አልጠፋ ብሎ ሶስት ሰአት ያህል ሲዞር ነበር። በዛ ላይ በተንሸራታቹ ቢያወርዷቸው እግር የሚሰበር አለ፣ ስለዚህ ጠብቀው በአንድ በር በደረጃ አወረዷቸው። 469 ሰው፣ ሁሉም ደህና። ሌላ ጊዜ ደሞ ምክንያቱ ተራ ነው፣ ደረጃ የለም፣ አውቶብስ የለም፣ ያ አገር ቪዛ የሌለው ሰው አላስገባም ይላል። የናንተ የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ግን ሆስተሷ መጥታ አንድ አረፍተ ነገር ብትናገር ምን ነበረበት።

ይሄን የኳንታስ ነገር ያነሳሁት ለሌላም ነው። የሞተሩ ስብርባሪ ባታም የምትባል የኢንዶኔዥያ ደሴት ላይ ወደቀ፣ ሰዉ እያነሳ ፎቶ ለጠፈ፣ አውሮፕላኑ ገና ሰማይ ላይ እየበረረ እያለ ተከሰከሰ የሚል ወሬ በትዊተርም በሚዲያም ዞረ፣ የኩባንያው አክሲዮን መውረድ ጀመረ። ስለዚህ ያንቺ እናት ብቻ አይደለችም፣ ትልልቆቹም እንዲህ ይሳሳታሉ።

እንዴት እንደሚሆን ልንገርሽ፣ በየቀኑ የማየው ስለሆነ። ፓይለቱ ችግር ሲገጥመው 7700 የሚል ኮድ ያስገባል። ፍላይትራዳር24 የሚባለው አውሮፕላን የሚከታተል አፕ ያለው ሰው ሁሉ ወዲያው ስልኩ ላይ ያየዋል፣ ከፍታው ቁልቁል ሲወርድም መስመሩን ያየዋል። አንዱ ስክሪንሾት ይለጥፋል። ከዛ የውጭ ዌብሳይት ሁለት መስመር ይጽፋል። ከዛ የኛ ፔጅ በጎግል ተርጉሞ "ወረደ" የሚለውን "ተምዘገዘገ" ያረገዋል፣ ፎቶ ስለሌለው የሚነድ አውሮፕላን ፈልጎ ይለጥፋል፣ ሰው ሼር ያረጋል። ይሄ ሁሉ ግማሽ ሰአት አይፈጅም። አየር መንገዱ መግለጫ እስኪያወጣ ደሞ ሰአታት ያልፋሉ። ተሳፋሪው ስልኩን ሲከፍት የራሱን ሞት ያነባል።

በ2005 በፈረንጆች ደሞ ጄትብሉ የሚባለው የአሜሪካ አየር መንገድ አውሮፕላን የፊት ጎማው ወደጎን ተጣሞ ቀርቶ ነዳጅ ለማቃጠል ሶስት ሰአት ገደማ ሲዞር ወንበሮቹ ላይ የቀጥታ ቲቪ ነበር፣ ተሳፋሪዎቹ የራሳቸውን አውሮፕላን በዜና እያዩ ነው የዞሩት፣ ባለሙያ ተብዬው ይተርፋሉ አይተርፉም እያለ ሲተነትን። ሎስ አንጀለስ በሰላም አረፈ፣ ማንም አልተጎዳም። እስቲ አስቢው።

አራዳ_ልጅ_77

ሁሉንም ነገር በሚዲያ ማሳበብ አይሰለቻችሁም? ፔጁ ዋሽቷል እሺ። ግን ለምን ቦታ አገኘ? አየር መንገዱ ዝም ስላለ ነዋ። "በቴክኒክ ምክንያት አቅጣጫ ቀይሯል፣ ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ" ትላለች አንዷ መስመር፣ ሁሌ ያቺው ናት። የሰዎቹ ቤተሰብ የሚደውልበት ስልክ እንኳን አይለጥፉም። እሙ ሀናን ወንድምሽ ኮምቦልቻ ኤርፖርት ለምን ወረደ? የሚደውልበት ስለሌለው። ከመጋቢት 1 2011 በኋላ ደሞ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ቢሾፍቱ አካባቢ ተከስክሶ 157 ሰው ካለቀ በኋላ፣ እዚ አገር ያለች እናት አውሮፕላን የሚል ቃል ሰምታ ብትደነግጥ አይፈረድባትም።

የ2006ቱንም ላስታውሳችሁ፣ የካቲት 10። ረዳት ፓይለቱ ካፒቴኑ ሽንት ቤት ሲሄድ በሩን ዘግቶ ሮም ይሄድ የነበረውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ጄኔቫ ወሰደው፣ 202 ሰው ይዞ። የአለም ሚዲያ ሲያወራ የከረመው ምን ነበር? የስዊዝ አየር ኃይል ያኔ ከስራ ሰአት ውጪ ስለማይነሳ ጣሊያንና ፈረንሳይ ጄት አጀቡት የሚለውን። በዛ ሲስቁ ነው የሰነበቱት። ተሳፋሪዎቹ መጠለፋቸውን አላወቁም ተብሎ ተጻፈ፣ ከወረዱት ውስጥ ደሞ ማስክ ወርዶ ነበር፣ ፈርተን ነበር ብለው የተናገሩ አሉ። የትኛው እውነት ነው? ሁለቱም። ከፊት የተኛው አላወቀም ከኋላ የነቃው አውቋል። ስለዚህ ሚዲያም ባይዋሽ እንኳን አንዱን ጠይቆ ነው የሚጽፈው። እኔ የምመክርሽ ተናገሪ ነው፣ ዝም ካልሽ ፔጁ ያለው ታሪክ ሆኖ ይቀራል።

ኑር_ከሐርቡ

እኔ አንድ ነገር ልበል፣ እዚ ማንም ያላነሳው። እህቴ ቅድም የጻፈችውን ሳነብ የቆምኩት "ማስኩን የሳበው ጥቂት ነው" የምትለዋ ላይ ነው። ባለቤቴም ከገልፍ ናት የመጣችው፣ አውሮፕላን ላይ የሚባለው አንድም አልገባኝም ትላለች፣ የሆስተሷን እጅ እያየች ነው ቀበቶ ያሰረችው። ግማሽ ተሳፋሪው አማርኛና ኦሮምኛ ተናጋሪ መሆኑን እያወቁ ማስታወቂያው በአረብኛና በእንግሊዝኛ ብቻ የሆነበት አውሮፕላን ላይ ነው ሴቶቹ የሚጫኑት። 30 ሰከንድ ነው ያላችሁ እያለን ነው ጋሼ፣ በማይሰሙት ቋንቋ 30 ሰከንድ ምን ያረጋል? ሚዲያው ደሞ ሲመጣ ማንን ነው የሚያናግረው፣ እንግሊዝኛ የሚችለውን ከፊት የተቀመጠውን። እሱ ደሞ "ካቢን ክሩ ጎበዝ ነበሩ" ይላል፣ ለሱ ጎበዝ ናቸው። ከኋላ ያለችውን የወረኢሉ ልጅ ማን ጠየቃት?

እሱን ከተናገርሽ ተናገሪ። "ከሞት አፋፍ" ምናምን ይቅር።

የድሮ_መካኒክ (ኮምቦልቻ)

ኑር እውነቱን ነው። ቋንቋ የሚሰማውም ቢሆን ይሳሳታል፣ በ2018 በፈረንጆች አንድ የሳውዝዌስት አውሮፕላን ሞተሩ ተሰባብሮ መስኮት ሲመታ ሰው በስልክ የቀረጸውን አለም ሁሉ አይቶታል፣ ብዙዎቹ ማስኩን አፋቸው ላይ ብቻ አርገው አፍንጫቸው ውጪ ነው። አሜሪካ ውስጥ፣ በገዛ ቋንቋቸው ተነግሯቸው። የኛም አየር መንገድ ኮሞሮስ ደሴቶች ጋ የደረሰበት አለ፣ ህዳር 1989፣ ጠላፊዎቹ አላሳርፍ ብለው ነዳጅ አልቆ ካፒቴን ልዑል አባተ ባህር ላይ ሲያሳርፈው 175 ሰው ነበረበት፣ 50 ተረፈ። የህይወት ጃኬቱን ገና ውስጥ እያሉ የነፉት ውሃው ሲገባ ወደ ጣራው ተንሳፍፈው መውጣት አቅቷቸው የሞቱ አሉ። ከመነሳት በፊት ውጪ ስትደርሱ ንፉ ይባላል፣ ግን ማን ይሰማል፣ ማንስ ይገባዋል። ሆስተሷ ስታሳይ ስልክ የምትነካኩ ልጆች ይሄን አንብቡ።

ቦርከና_ማዶ

እኔ ደሞ ከአዲስ አበባ ወደ ኮምቦልቻ በክረምት ስመጣ ደመናው አላሳይ ብሎ ከተማው ላይ ዞረን ዞረን ወደ ቦሌ ተመለስን። ዙሪያው ተራራ ነው እኮ፣ ካልታየው ምን ያርግ። ካፒቴኑ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ነገረን፣ ሰውም እሺ ብሎ ቡናውን ጠጣ። ማንም አልጻፈውም፣ የሚጻፍም አልነበረም። ከጎኔ የነበሩ ሽማግሌ ብቻ "ቤቴ ከዚህ ይታየኛል ለምን አያወርደኝም" እያሉ ሲከራከሩ ነበር።

ሰነድ_አይጠፋም

ስለ ሻንጣው ማንም ስላልመለሰ። ሻንጣሽ እንዳልመጣ ኤርፖርቱ ላይ ፎርም አስሞልተሽ ነበር? ካልሆነ ዛሬ ነገ ሳትይ አሁኑኑ በጽሁፍ አመልክቺ። በ1999 በፈረንጆች የተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት የሚባል አለ፣ ብዙ አገር ፈርሞታል፣ በዛ መሰረት ሻንጣ ዘግይቶ ከመጣ እጅሽ ከገባ በ21 ቀን ውስጥ፣ ተጎድቶ ከመጣ በ7 ቀን ውስጥ በጽሁፍ ቅሬታ ማቅረብ አለብሽ፣ ክስ ከሆነ ደሞ 2 አመት ነው። በአፍ የተባለ አይቆጠርም። ስለ በረራው መዘግየት ግን ብዙ ተስፋ አታርጊ፣ ማድረግ ያለብንን ሁሉ አርገናል ብለው ካሳዩ አይከፍሉም፣ ለደህንነት ብሎ ማረፍ ደሞ እንደዛ ነው የሚታየው። የመሳፈሪያ ወረቀትሽን፣ የሻንጣ ታጉን፣ እዛ አድረሽ ምግብ በራስሽ ብር ከገዛሽ ደረሰኙን አትጣይ።

ቪዲዮውን በተመለከተ፣ ብር ከከፈሉሽ በኋላ ያንቺ አይደለም። ቆርጠው ከሌላ ጋር ቀጥለው የፈለጉትን ድምፅ ይጨምሩበታል። ስትፈርሚ አንብቢ፣ ፊርማ ከሌለው ደሞ ጭራሽ አትስጪ።

እሙ_ሀናን

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ቪዲዮውን ደግሜ አየሁት፣ ከተመለስኩ አላየሁትም ነበር። ከጎኔና ከፊቴ ያሉት ልጆች ፊታቸው ይታያል፣ የሁለቱ ሂጃብ ወልቋል፣ አንዷ ስትጮህ አፏ ተከፍቶ ነው። እነዚህ ልጆች ባል አላቸው አባት አላቸው፣ እንደዛ ሆነው ቲክቶክ ላይ እንዲወጡ አልፈልግም፣ በምንም ብር። ወንድሜንም አሳየሁት፣ ዝም አለ። ለፔጁ አልሰጥም ብዬ ጻፍኩ፣ "እንግዲያው ሌላ ሰው እናገኛለን" አሉኝ። ያግኙ። ያን ፎቶ ግን አንሱት ብዬ ሶስቴ ጻፍኩላቸው አላነሱትም፣ አሁንም አለ፣ ከስሩ ነፍስ ይማር የሚል ኮሜንት ተደርድሯል፣ እኔ እዛው ስር ገብቼ በህይወት አለሁ ብዬ ብጽፍ አጠፉት።

ኑር ያልከው ልቤን ነካኝ። እውነት ነው እኔን ያስጮኸኝ አውሮፕላኑ አልነበረም እነሱ ናቸው። አንዷ የቃሉ ልጅ ማስኩን ሳላረግላት እጄን ይዛ "ምን እያሉ ነው እቴ" ነበር የምትለኝ፣ ሁለት ሶስቴ። እሱን እናገራለሁ። ግን ማን ጋ? በስሜ አይሆንም፣ ፊቴም አይታይም።

ማይክ_ያዥ

በሬዲዮ ይሆናል፣ ፊት የለም። እኔ ቅዳሜ ደሴ እመጣለሁ፣ ከፈለግሽ ወንድምሽ ባለበት ፒያሳ ቡና ቤት እንገናኝ። ስምሽ አይነሳም፣ የአየር መንገዱም ስም ያለነሱ መልስ አይነሳም፣ መልስ እንዲሰጡ እጽፍላቸዋለሁ። ምክንያቱ ምን ነበር የሚለውን እኔም አንቺም አንገምትም፣ መርማሪ ካለው እሱ ይናገር፣ ከባድ አደጋ ሲሆን እንኳን የመጀመሪያው ሪፖርት የሚጠበቀው በ30 ቀን ነው፣ ያንቺ ፔጅ በ30 ደቂቃ ነው የጨረሰው። ያቺን የቃሉ ልጅ ማግኘት ከቻልሽና እሷም ፈቃደኛ ከሆነች በጣም ደስ ይለኛል፣ ካልፈለገች አትጫኛት። ፎቶውን ደሞ ስክሪንሾት አርገሽ ከነቀኑ አስቀምጪ፣ በጎግል ሌንስ ፈልጌ ከየት እንደመጣ አሳይሻለሁ።

አራዳ_ልጅ_77

ስልክ የማይለጥፉትን ነገርም ጠይቅልን። ወንድሟ ኮምቦልቻ ድረስ የወረደበትን የታክሲ እንኳን ይክፈሉት።

እሙ_ሀናን

ቅዳሜ ከዙሁር በኋላ ይሁን። የቃሉዋን ልጅ ቁጥር አለኝ፣ ዛሬ ማታ እደውልላታለሁ። ደሞ አሁን ሻንጣሽ አዲስ አበባ ደርሷል ብለው ደወሉ! መጥተሽ ውሰጂ ነው የሚሉት። ልሂድ ወይስ?

የድሮ_መካኒክ (ኮምቦልቻ)

ለምን ትሄጃለሽ፣ እነሱ ናቸው ያዘገዩት፣ ኮምቦልቻ እንዲያደርሱልሽ በጽሁፍ ጠይቂ። ሲመጣ ከወንድምሽ ጋር ውረጂና እዛው ፊታቸው ክፈችው፣ ቁልፉ የተነካካ ወይም የተሰበረ ነገር ካለ ሳትፈርሚ አስመዝግቢ። እኔም ቅርብ ነኝ፣ ስትመጪ ደውዪ።